የአክስቴ ዕቃዎች ከኦንላይን ገበያ ላይ ለምን ተነሱብኝ? (ጎንደር)

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ቅዳሜ ገበያ መሶብና ሸክላ ትሸጣለች። ገበያው ሲቀዘቅዝባት ሰባት ዕቃ ፎቶ አንስቼ አንድ ትልቅ የኦንላይን ገበያ ላይ ለጠፍኩላት፤ ስሙን ልተወው። በማግስቱ ስከፍተው የቀሩት መሶቡ፣ የወለቃ (እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችው መንደር) ሸክላ ምስሎችና የቀንድ ዋንጫው ብቻ ናቸው። የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ፣ የአያቴ የብራና ዳዊት፣ ስድስት ብርሌና የታሸገ ጥቁር አዝሙድ ተነስተዋል። ለአራቱም የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ «የንግድ ደንባችንን ይጥሳል» ይላል፣ አለቀ። እኔም ለሰባት ቀን ታግጃለሁ።

ቆይ፣ ብርሌ ምኑ ነው የሚያስከለክለው? ዳዊቱን ደግሞ ዋሽንግተን ያለ ሰው በጥሩ ዋጋ እወስዳለሁ ብሎኝ ነበር። በወንድሜ አካውንት ድጋሚ ልለጥፈው ወይስ ይቅር?

አዘዞ ሱቅ፦
በወንድምሽ አካውንት እንዳትሞክሪው። ያንኑ ፎቶና ያንኑ ስልክ ቁጥር ሲያይ የሱንም ይዘጋዋል፤ እኔ ሁለት አካውንት ያጣሁት እንዲህ ስል ነው። ብርሌውን እንዴት አድርገሽ ነው ያነሳሽው? ጠጅ ነበረበት?

የማራኪዋ፦
አዎ። ባዶው አላምር ሲለኝ አንዱን ሞላሁበት። ርዕሱንም «የጠጅ ብርሌ» ነው ያልኩት።

አዘዞ ሱቅ፦
በይ እንግዲህ ተገኘ። መጀመሪያ የሚያየው ማሽን ነው፣ ሰው አይደለም። ብርሌ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መስታወት ውስጥ ቢጫ መጠጥ አየ፣ አልኮል አለ፣ አነሳው። ጠጁን ጠጡትና ባዶውን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠሽ አንሺው። ርዕሱን «በባህላዊ መንገድ የተሠራ ባዶ የመስታወት ዕቃ» በይው፣ ቁመቱን በሴንቲሜትር ጻፊ። ከዚያ «ድጋሚ ይታይልኝ» የሚለውን ነክተሽ ይግባኝ በይ፤ ያኔ ሰው የሚያየው ዕድል አለ።

አዝሙዱ ላይ ምን ብለሽ ጽፈሽ ነበር?

የማራኪዋ፦
አክስቴ እንዳለችኝ ነው የጻፍኩት፦ «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለአስም ፍቱን።»

ፋርማሲስቷ፦
እህቴ፣ እሱን ስትጽፊ እኮ ቅመሙን መድኃኒት አደረግሽው። የታወቁት የኦንላይን ገበያዎች ግለሰብ መድኃኒት እንዲሸጥ አይፈቅዱም፤ በሽታ ያድናል ብሎ መጻፍ ብቻውን ያስነሳል። የአገራችንም ሕግ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 መድኃኒትን በፈቃድ የሚሸጥ ነገር ነው የሚለው። «ጥቁር አዝሙድ፣ ለዳቦና ለበርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ» ብለሽ ጻፊው። ደግሞ ለአክስትሽ ንገሪልኝ፣ የስኳር ኪኒኑን አቁሞ አዝሙድ የሚውጥ ሰው በየሳምንቱ ነው የሚመጣብኝ።

የድሮ አስጎብኚ፦
ልጄ፣ እኔ ዳዊቱ ነው ያሳሰበኝ። ዕድሜው ስንት ይሆናል?

የማራኪዋ፦
ጋሼ፣ በትክክል አላውቅም። አያቴም ከአባታቸው ነው የወረሱት። አክስቴ «የአባቴን ዳዊት ብሸጥ ማን ሊከለክለኝ» እያለች ተቆጥታለች።

የድሮ አስጎብኚ፦
ቁጣቸው ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ገበያዎቹ ራሳቸው ጥንታዊ ዕቃ ላይ ጥብቅ ሆነዋል። ለምሳሌ ፌስቡክ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የታሪክ ቅርስ በገጾቹ መግዛትና መሸጥን ጨርሶ ከልክሏል፤ ብራናና ጥቅልልም እዚያው ውስጥ ነው። ከሶርያና ከኢራቅ የሚዘረፈው ነገር በግሩፕ ይሸጥ ስለነበር ነው። እዚያ ያለው ማሽን የሌባውንና የአክስትሽን ዳዊት አይለይም።

ሁለተኛው ይበልጣል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው፤ የግል ንብረት መሆኑ አያድንም። ዋሽንግተን ያለው ሰውዬ በሻንጣ ይዞ ሊወጣ ሲል ቦሌ ላይ ቢያዝ ስምሽም አብሮ ይነሳል። እኔ ስንት ቱሪስት አይቻለሁ፤ ፒያሳ የገዛው አዲስ መስቀል አርጅቶ ስለሚመስል ብቻ ደረሰኝ ፍለጋ የሚንከራተት!

በ1860 ከመቅደላ የተጋዙት ብራናዎች ብዙዎቹ እኮ አፄ ቴዎድሮስ ከዚሁ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። ዛሬም ለንደን ነው ያሉት። መሸጥ ካለበት መጀመሪያ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደሽ አሳይው፣ ይመዝገብ።

ቀበሌ 12፦
ይሄን ሁሉ ምን አስጨነቃችሁ? ቴሌግራም ላይ ለጥፊው፣ ማንም አይነካሽም።

አዘዞ ሱቅ፦
ቴሌግራሙ ላይነካት ይችላል። አዋጁን ግን የጻፈው ቴሌግራም አይደለም።

የማራኪዋ፦
እሺ ዳዊቱ ይቅር። ጉሬዛውስ? አያቴ ወንበር ላይ ያነጥፉት የነበረ ነው፤ የሞተውም እኔ ሳልወለድ ነው።

የድሮ አስጎብኚ፦
መቼ ሞተ አይደለም ጥያቄው። ጉሬዛ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ቆዳውም ያለ መውጫ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ፈቃዱ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የነብር ከሆነ ጭራሹን አታንሺው፣ እሱ ይበልጥ ጥብቅ የሆነው አንደኛው ዝርዝር ውስጥ ነው።

አዘዞ ሱቅ፦
የቀንድ ዋንጫውም ነገ ሊነሳ ይችላል። ኢቤይ የሚባለው የኦንላይን ገበያ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የዝሆን ጥርስ አያስሸጥም፤ ሌሎቹም ተከትለዋል፤ ማሽኑ ነጣ ያለ የተጠረበ ነገር ባየ ቁጥር ይጠረጥራል። ከላይ «የበሬ ቀንድ» በይ፣ የውስጡን ክፍተትና የአፉን ስንጥቅ በቅርብ አንሺ። በነገራችን ላይ በግ ለፋሲካ ለጥፈው «ለምን ተነሳ» የሚሉ አሉ፤ ፌስቡክ ላይ ግለሰብ ከብት መሸጥ አይችልም።

ሸክላ ወዳጅ፦
ስለ ሸክላው አንድ ነገር ልጨምር። ውጭ ያለ ዘመድ ኤትሲ በሚባለው የእጅ ሥራ የኦንላይን ገበያ ላይ ሱቅ እንዲከፍትላችሁ ካሰባችሁ፣ እዚያ «የእጅ ሥራ» የሚባለው ሻጩ ራሱ የሠራው ወይም የነደፈው ነው። ከወለቃ እናቶች ገዝቶ የራሱ አስመስሎ የሚያወጣ ሰው ሱቁ ይዘጋበታል። «ቪንቴጅ» (የድሮ ዕቃ) ለማለት ደግሞ ዕቃው ቢያንስ 20 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ ትናንት ከምድጃ የወጣ የሸክላ አንበሳ ጭስ ስለነካው ቪንቴጅ አይሆንም። አክስትሽ ከሠሪዎቹ ጋር ተነጋግረው በሠሪዎቹ ስም ቢያወጡት ይሻላል።

የማራኪዋ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)፦
ብርሌው ተመለሰ! ባዶውን አንስቼ ይግባኝ ባልኩ በሁለተኛው ቀን፤ አራቱ ተሽጠዋል። አዝሙዱም ያለ «ፍቱን» ወጥቷል፣ አክስቴ ግን እስካሁን አልተስማማችም። ዳዊቱ ማኅደሩ ውስጥ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሰኞ ቢሮ እንወስደዋለን። ጉሬዛው እንደ ድሮው ወንበሩ ላይ ነው፤ ይሄንንም ተቀምጬበት ነው የምጽፈው።