ሀዋሳ፦ ለብቻ የሚጫወት የሙከራ ጊታር ከምን ይጀምራል?

ስድስት ክር (ጠያቂ)
ሰላም። የሆቴል ባንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር እጫወታለሁ። አሁን ለብቻዬ፣ አስቀድሞ ያልተጻፈና እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር የ20 ደቂቃ ሥራ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ፤ ክሩ ላይ ዕቃ እየሰኩ የሚጫወቱትን ዓይነት። ጊታሬ ተንሳፋፊ ብሪጅ (ክሮቹ የሚያርፉበት፣ በስፕሪንግ የሚንቀሳቀስ ድልድይ) ያለው ነው፣ ክሮቹ ከ0.009 ኢንች የሚጀምሩ ቀጫጭን ናቸው። አንድ ዲሌይ (ድምፅን የሚደጋግም ፔዳል)፣ አንድ ቮልዩም ፔዳልና ትንሽ አምፕ አለኝ። ሀዋሳ ውስጥ ከሚገኝ ዕቃ ምን ልጠቀም? የእኛን ቅኝቶች እንዴት ላስገባ? ይህን ሙያ ያደረጉትስ በምን መንገድ ሄዱ?

ካቻቢቴ (መላሽ)
መጀመሪያ ክሩን ቀይር። 0.009 ሲላላ ይንቀጫቀጫል፤ ከ0.011 የሚጀምር አስገባ። ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ አንዱን ክር ባወረድክ ቁጥር ሌሎቹ ከፍ ይላሉ፤ ስለዚህ ከጀርባ ያለውን ክፍተት በእንጨት ሽብልቅ አጥብቀህ ብሪጁን አቁመው። ይህን ሳታደርግ የሚቀጥለውን ብትሞክር ማታውን ሙሉ ስትቃኝ ነው የምታድረው።

ከዚያ ዘንጉ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ካቻቢቴ ከክሮቹ ሥር፣ ልክ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ አጋድም። ክሩ ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ አንዱን ወገን ስትመታ ሌላውም አብሮ ይጮኻል። 7ኛው ላይ ካደረግኸው አንድ ሦስተኛና ሁለት ሦስተኛ ይሆናል፣ ደወል የሚመስለው ድምፅ ይሄ ነው። 6ኛው ላይ ግን ሁለቱ ወገኖች ስለማይስማሙ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ዘንጉ ክሩን ስለሚወጥረው ካስገባህ በኋላ እንደገና ቃኝ።

የብስክሌት ራጂ ቆርጠህ አንዱን ክር ከላይ፣ አንዱን ከታች እያደረግህ ሸምነው፤ የተሰነጠቀ ጎንግ ይሆናል። ብረት ስለሆነ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ማግኔት) ይስበዋል፣ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር አርቀው።

የማሲንቆ ደጋን አያስፈልግህም። የጊታር ብሪጅ ጠፍጣፋ ስለሆነ ደጋኑ ከ1ኛና ከ6ኛ ክር ውጪ ለብቻው የሚደርስበት የለም። ይልቅ 20 ያህል የፈረስ ጭራ ከአንድ ክር ሥር አሳልፈህ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅህ ወዲያ ወዲህ ሳብ። የማሲንቆ ደጋን የሚቀባውን ሙጫ ካልቀባኸው ዝም ብሎ ይንሸራተታል።

የበገናን መንቀጥቀጥ ከፈለግህ አሠራሩን ከራሱ ውሰድ፦ በክሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ነው ያንን ድምፅ የሚያመጣው። ከጫማ ሰፊ የተረፈ ስስ ቆዳ በክሩና በብሪጁ መካከል አስገባና በግማሽ ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀስክ ፈልገው። ብዙ ከገባ ያፍናል።

ቅኝት (መላሽ)
ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ የተለመደው የጊታር አቃኘን ራሱ ትዝታ ነው። ክፍት ክሮቹ ከ6ኛው (ከወፍራሙ) ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ከጂ ጀምረህ ደርድራቸው፤ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ሜጀር ትዝታ። ሌሎቹም ከሦስት ክር በላይ አያስነኩም፣ ሁሉም ወደ ታች ነው።

ማይነር ትዝታ በጂ፦ 6ኛ፣ 2ኛና 1ኛ ክርን በግማሽ ድምፅ (በአንድ ፍሬት ያህል) አውርድ። ምንም ሳትነካ መነሻህን ወደ ዲ ካዞርክ አምባሰል ሆነልህ።
አንቺሆዬ በዲ፦ ከተለመደው ተነስተህ 6ኛ፣ 5ኛና 1ኛን በግማሽ ድምፅ።
ባቲ ሜጀር በሲ፦ እንደገና ከተለመደው ተነስተህ 5ኛ፣ 4ኛና 3ኛን በሙሉ ድምፅ (በሁለት ፍሬት ያህል)።

ካቻቢቴው 7ኛው ፍሬት ላይ ካለ ሁሉም ነገር በአምስተኛ ከፍ ስለሚል የጂ ትዝታ በዲ ነው የሚሰማው። አብሮህ ክራር የሚጫወት ካለ ይህን ቀድመህ ንገረው።

ስድስት ክር
አመሰግናለሁ። 7ኛው ላይ ሞከርኩት፣ ግን በናቱ (ክሮቹ ከማቃኛዎቹ ወደ አንገቱ በሚገቡበት) በኩል ያለው ወገን በአምፑ አይሰማም። ከባዘር የወጣ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ስስ ክብ) ማቃኛዎቹ ባሉበት የጊታሩ ራስ ላይ ለጥፌ ሚክሰር ላይ ስሰካው ደግሞ የቆርቆሮ ድምፅ ነው።

ሽቦና ጃክ
ፒክአፕ ከላዩ የሚንቀጠቀጠውን ብረት ብቻ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ፒዬዞ ማድረግህ ትክክል ነው። ጥፋቱ የሰካህበት ቦታ ነው። ባለ 27 ሚሊ ሜትር ፒዬዞ ካፓሲታንሱ ወደ 20 ናኖ ፋራድ አካባቢ ነው። 10 ኪሎ ኦም የሆነ የሚክሰር ላይን ግቤት ላይ ሲገባ ከ800 ሄርትዝ በታች ያለው ሁሉ ይወድቃል። 1 ሜጋ ኦም ግቤት ላይ ግን ወሰኑ ወደ 8 ሄርትዝ ይወርዳል። የጊታር አምፕ ወይም የሳውንድ ካርድ የጊታር ግቤት ይበቃል።

ፒያሳ ካሉት ጥገና ቤቶች ሲያሠሩልህ የሽቦ ሽፋን ያለው ኬብል ይጠቀሙ፦ የመሃሉ ሽቦ የፒዬዞው ነጭ ክብ ላይ፣ የሽቦ ሽፋኑ ናሱ ላይ ይበየድ። መበየጃው ነጩ ላይ ከቆየ ያበላሸዋል፣ ነካ አድርጎ ማንሳት ነው። ከዚያ በናስትሮ ጠቅልለው፣ አለዚያ የ50 ሄርትዙ ጉርምርምታ በእጅህ በኩል ይገባል። አምፑን ከኋላህ አታድርገው፤ ፒዬዞ ቶሎ ያፏጫል።

ካቻቢቴ
አንድ ልጨምር፦ ቮልዩም ፔዳሉን ከዲሌዩ በፊት አድርገው። ድምፁን ዘግተህ ካቻቢቴውን ስትነቅል ዲሌዩ የሚደጋግመው የቀድሞው ድምፅ ጅራት ይቀጥላል፣ የመንቀሉ ኳኳታ አይሰማም። ለ20 ደቂቃ ሦስት ዕቃ ይበቃል። ሰባት ይዞ የሚወጣ ሰው ሙዚቃ ሳይሆን የመሣሪያ ሳጥን ነው የሚያሳየው።

ሐይቅ ዳር
ሦስተኛው ጥያቄ፣ ይህን ሙያ ያደረጉት የሄዱበት መንገድ፣ ስለተዘለለ እኔ ልመልስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ደሪክ ቤይሊ መነሻው እንዳንተ ነበር፤ በዳንስ ባንድና በስቱዲዮ ለደሞዝ ይጫወት ነበር። በ1960ዎቹ ሼፊልድ ውስጥ ከጋቪን ብራየርስና ከቶኒ ኦክስሊ ጋር በግላቸው ተለማመዱ፣ ከዚያ ለንደን ሄደ። በ1970 ከኦክስሊና ከኢቫን ፓርከር ጋር ኢንከስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋሙ፤ ማንም ካላሳተመልን ራሳችን ነው ነገሩ። ካምፓኒ በሚል ስም ደግሞ የማይተዋወቁ ተጫዋቾችን እያገናኘ መድረክ ይፈጥር ነበር። በ2005 እስኪሞት በዚሁ ቀጠለ። ኪት ሮው ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ የሚጫወት ሲሆን በ1965 ለንደን ውስጥ ኤኤምኤም የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር በ2006 አልበም አውጥቷል። የዚያ ባንድ ጊታሮች የሚፋጩና የሚቧጥጡ ናቸው፣ ሽለላው ግን ሽለላ ሆኖ ቀረ። ከፈረንጅ ናሙና ይልቅ ይሄ ይጠቅምሃል ባይ ነኝ፦ ቅርፁን ከሽለላ ውሰድ፣ ድምፁን ከካቻቢቴው።

በተግባር፦ ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች አትጀምር፣ እዚያ ሰው እያወራ ነው የሚሰማህ። 30 ወንበር የሚይዝ ዝግ ክፍል ፈልግ። ፒክአፑንና ፒዬዞውን በሁለት ትራክ ለየብቻ፣ በ24 ቢት ቅዳ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ -12 ዴሲቤል አይለፍ፣ ራጂው ሳይታሰብ ይጮኻልና። ለፌስቲቫል ስትልክ ከአንድ ጊዜ ቅጂ ያልተቆራረጠ 5 ደቂቃ ምረጥ፣ ሙሉውን 20 ደቂቃ ለጠየቀህ አስቀምጥ። የምትፈልገውንም በአንድ ገጽ አያይዝ፦ ስንት ጠረጴዛ፣ ስንት ባለ 220 ቮልት ሶኬት፣ አምፑ በየት በኩል እንደሚቆም።