ወደ አዲስ የኢሜይል አገልግሎት ከተዛወርን በኋላ መልእክቶቻችን ስፓም ውስጥ ይገባሉ፣ ይመለሳሉም

ጥያቄ፦
የድርጅታችንን ኢሜይል ወደ አዲስ አገልግሎት ሰጪ ካዛወርን ወዲህ ከምንልካቸው መልእክቶች ከፊሎቹ ስፓም ውስጥ ይገባሉ፤ ሌሎቹም 550 የሚል የስህተት ቁጥር ይዘው ይመለሳሉ። የተሰጠንን የኤስፒኤፍ መስመር (በዶሜናችን፣ ማለትም በኢንተርኔት ስማችን፣ ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝረውን) ዲኤንኤስ ላይ (የዶሜኑ መዝገቦች በሚቀመጡበት) ጨምረናል፤ የድሮውን ግን ያስፈልግ ይሆናል በሚል ስጋት አላጠፋነውም። ዲኪም (በመልእክቱ ላይ የሚደረግ ዲጂታል ፊርማ) በርቷል፣ ዲማርክ (ማጣሪያዎቹን ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚል መመሪያ) የለንም። ወደ እኛ የሚላከው ሁሉ ስለሚደርስ የኤምኤክስ መዝገቡ (ገቢ ኢሜይል ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው) ደህና ይመስለኛል። ፍለጋውን ከየት ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1፦
ጥፋቱ በጥያቄዎ ውስጥ አለ። አንድ ዶሜን ሊኖረው የሚገባው የኤስፒኤፍ መዝገብ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ተቀባዩ ሰርቨር ሁለት ካገኘ ከሁለቱ አንዱን አይመርጥም፤ ማጣራቱን ትቶ ቋሚ ስህተት እንዳለ ይቆጥራል። ሁለቱን በአንድ መስመር ያዋህዷቸው። «ኦል» (all፣ «የቀሩት ሁሉ») የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይግባ፤ ከእሱ በኋላ የተጻፈ ነገር አይታይምና። የድሮውን አገልግሎት ከእንግዲህ የማይጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ኢንክሉዱን (የእሱን የኤስፒኤፍ ዝርዝር የሚጠራውን ክፍል) ያውጡት፤ አንድን ኤስፒኤፍ ለማጣራት የሚፈቀደው የዲኤንኤስ ጥያቄ 10 ብቻ ነው፣ በኢንክሉዶቹ ውስጥ ያሉት ኢንክሉዶችም አብረው ይቆጠራሉ።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ዲኪም በርቷል» የሚለውን አልቀበለውም። በአገልግሎት ሰጪው ገጽ ላይ መብራቱ ፊርማው የሚረጋገጥበት ቁልፍ ዲኤንኤስ ላይ መኖሩን አያረጋግጥም። ብዙ የዲኤንኤስ ፓነሎች የዶሜኑን ስም ከመዝገቡ ስም ኋላ በራሳቸው ስለሚጨምሩ፣ ሙሉውን ስም የጻፈ ሰው ዶሜኑ ሁለት ጊዜ የተደገመበት፣ ማንም ፈልጎ የማያገኘው መዝገብ ይፈጥራል (እኔም በዚህ ሁለት ቀን ባክኛለሁ)። ባለ 2048 ቢት ቁልፍም በአንድ የቲኤክስቲ (የዲኤንኤስ የጽሑፍ መዝገብ) ቁራጭ ከሚፈቀደው 255 ፊደል ስለሚበልጥ ተከፍሎ መግባት አለበት። ለራስዎ ሌላ አድራሻ መልእክት ልከው ሄደሩን (ከመልእክቱ ጋር የሚሄደውን የቴክኒክ መረጃ) ይመልከቱ፤ የኤስፒኤፍና የዲኪም ውጤት በግልጽ ተጽፎ ያገኙታል። ዲማርክንም ያስገቡ፣ ግን ፖሊሲውን በ«ነን» (none፣ ምንም እርምጃ አይወሰድ) ይጀምሩ። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ብዙ መልእክት ከሚልኩ ዶሜኖች ዲማርክን ይጠይቃሉ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የዲኪሙ ስም እንዳሉት ተደግሞ ነበር። ሁለቱንም አስተካክዬ፣ ቲቲኤሉ (ሌሎች ሰርቨሮች የድሮውን መዝገብ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ) 3600 ሴኮንድ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ ስሞክር ሁለቱም አለፉ። አሁንም የሚመለሱት ከድረ ገጻችን የመገናኛ ቅጽ የሚወጡት ብቻ ናቸው።

መልስ 1፦
እነዚያን የሚልከው አዲሱ አገልግሎት ሳይሆን የድረ ገጹ ሰርቨር ነው፤ የአይፒ አድራሻው ደግሞ ኤስፒኤፍዎ ውስጥ የለም። አይፒውን በቀጥታ ቢያስገቡት ከ10ሩ ጥያቄ አይቆጠርብዎትም። ሆኖም ያ አይፒ ትክክለኛ ፒቲአር (አይፒውን ወደ ስም የሚመልስ የዲኤንኤስ መዝገብ) ከሌለው አሁንም ሊመለስ ይችላል፤ እሱን የሚያስተካክለው የአይፒው ባለቤት የሆነው የሆስቲንግ ድርጅት እንጂ እርስዎ አይደሉም። እኔ ብሆን ቅጹ በአዲሱ የኢሜይል አገልግሎት በኩል፣ በይለፍ ቃል ገብቶ እንዲልክ አደርገው ነበር።