ተሰባብረው የቀሩ ድንጋዮች ስለ ፕላኔቶች አፈጣጠር እንዴት ሊመሰክሩ ይችላሉ?

ጠያቂ፦ በማርስና በጁፒተር መካከል የሚዞሩት አስትሮይዶች ከፈነዳ ፕላኔት የቀሩ ስብርባሪዎች ናቸው የሚል ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ሌሎች ደግሞ ፕላኔቶች ከተሠሩበት ቁስ የተረፉ ናቸው ይላሉ። ትክክለኛው የቱ ነው? እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የኖሩ ድንጋዮችስ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ለሆነው ነገር እንዴት ምስክር ይሆናሉ?

መላሽ 1፦ የፈነዳው ፕላኔት ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቀረበ ግምት ሲሆን፣ ዛሬ የሚቀበለው የለም ለማለት ይቻላል። የአስትሮይድ ቀበቶ በሚባለው በዚህ አካባቢ ያሉት አስትሮይዶች ሁሉ ቁስ ቢደመር የጨረቃን 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ አካባቢ ፕላኔት ሳይሠራ የቀረው የጁፒተር ስበት የድንጋዮቹን ምሕዋር እየበጠበጠ ፍጥነታቸውን ስላናረው ነው፤ ቀስ ብለው ቢገናኙ ኖሮ ተጣብቀው ባደጉ ነበር፣ በኃይል ሲላተሙ ግን ተሰባበሩ።

መላሽ 2፦ ስለ ምስክርነቱ ልጨምር። ግጭት ድንጋይን ይሰብራል እንጂ በውስጡ የተቀመጠውን የኬሚካል መዝገብ የግድ አያጠፋም። መዝገቡን የሚያጠፋው መቅለጥ ነው፤ መሬትም የመጀመሪያ መልኳን ያጣችው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በሜክሲኮ የወደቀው የአዬንዴ ሜትሮይት (ከሕዋ መጥቶ መሬት ላይ የወደቀ ድንጋይ) በካልሲየምና በአሉሚኒየም የበለጸጉ ነጫጭ ቅንጣቶችን ይዟል፤ የዚህ ዓይነት ቅንጣቶች ዕድሜ 4.567 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ስለተለካ፣ የሥርዓተ ፀሐይ ልደት የሚቆጠረው ከእነርሱ ጀምሮ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን አሉሚኒየም 26 ነው። ይህ ጨረር አመንጪ አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በአተም ክብደቱ የተለየ ዓይነት) በየ700,000 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ሙቀት ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ቶሎ የተሠራ አካል ከውስጥ ግሎ ቀለጠ፣ ብረቱም ወደ መሐሉ ሰመጠ፤ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራው ግን ማገዶው ስላለቀበት ጥሬውን ቀረ። ዶን የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 የዞረቻት አስትሮይድ ቬስታ፣ ስፋቷ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የብረት እምብርትና የባዛልት ቅርፊት ሊኖራት የቻለው ከቀደሙት ወገን በመሆኗ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ታዲያ አስትሮይዶቹ ሁሉ የተሠሩት አሁን ባሉበት ቦታ ነው?

መላሽ 3፦ አይመስልም። በሜትሮይቶች ውስጥ ያሉት የሞሊብዲነምና የታይታኒየም አይሶቶፖች ሲለኩ ሁለት የተለያዩ ጎራዎች ይታያሉ፤ አንዱ ለፀሐይ ቀረብ ብሎ፣ ሌላው ከጁፒተር ወዲያ እንደተሠራ ይታሰባል። ጁፒተር በፍጥነት አድጎ በሁለቱ መካከል ያለውን መተላለፊያ ዘጋው የሚለው ማብራሪያ ሰፊ ድጋፍ ቢኖረውም፣ የለያቸው ያኔ ፀሐይን ከብቦ በነበረው ጋዝ ውስጥ የተፈጠረ የግፊት ልዩነት ነው የሚሉም አሉ።

በሜትሮይት ላይ ብቻ መመርኮዝ ደግሞ ያሳስታል፤ ልል ድንጋዮች ከባቢ አየርን ሳያልፉ ስለሚፈራርሱ እጃችን የሚገባው በአብዛኛው ጠንካራው ነው። ሀያቡሳ 2 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2020 ከአስትሮይድ ሪዩጉ 5.4 ግራም፣ ኦሳይረስ ሬክስ የተባለችው ደግሞ በ2023 ከአስትሮይድ ቤኑ 121.6 ግራም ናሙና ማምጣታቸው ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። በቤኑ ናሙና ውስጥ ጨዋማ ውሃ ተንኖ የተዋቸው የሶዲየም ጨዎች ተገኝተዋል፤ ይህም ቤኑ የተገነጠለችበት ትልቁ አካል በውስጡ ፈሳሽ ውሃ እንደነበረው ያመለክታል።