ዳቦ ላይ ምን ይደረግ? ሥጋ ለማትበሉ የኔ ጥቆማ

ማባያ ከመምረጣችሁ በፊት ዳቦውን እዩት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ከዚያ ስላይስ ዳቦው ርሶ እጁ ላይ ሲቀደድ ቲማቲሙን ይረግማል። ለስላሳ ዳቦ የሚችለው ወፈር ብሎ የሚቀባ ነገር ነው። ውሃ የሚያወጣ ነገር ካማራችሁ ቅርፊቱ ጠንከር ያለ ዳቦ ግዙ፣ እሱንም ጥበሱት።

ለእኔ አንደኛው ቲማቲም ነው፤ ጣሊያኖቹ ብሩስኬታ የሚሉት። ቀላል ይመስላል፣ የሚበላሸውም እንዲሁ በቀላሉ ነው። ቲማቲሙን በደቃቁ ከትፋችሁ ጨው ነስንሱበትና ወንፊት ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ጨው ውሃውን ስቦ ያወጣዋል። የወረደውን ውሃ እንዳትደፉት፤ የወይራ ዘይት ጠብ ካደረጋችሁበት ለሰላጣ ግሩም ነው። ዳቦውን በሁለቱም ጎን ቡናማ እስኪሆን ጥበሱ። ትኩስ እያለ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት እሹበት። የተጠበሰው ዳቦ እንደ ሞረድ ስለሚፍቃት ፍሬዋ እጃችሁ ላይ እያነሰች ትሄዳለች፣ ሽታው ደግሞ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ቲማቲም፣ ካለ የተቀደደ በሶብላ። የምትጭኑት ግን ልትበሉ ስትሉ ብቻ ነው። እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ቀድማችሁ ከደረደራችሁት አለቀለት።

ቀድሞ ተሠርቶ የሚቆይ ከፈለጋችሁ ሁመስ፣ ማለትም የተፈጨ የሽምብራ ማባያ። እዚህ ላይ አልደራደርም፦ የቤቱ ከታሸገው ይበልጣል። ሽምብራውን አሳድራችሁ ስትቀቅሉ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጉበት፤ ገለባው ይለሰልስና ሲፈጭ አይጎረብጥም። የተፈጨ ሰሊጥ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምራችሁ ፍጩት። በመጨረሻ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስታፈሱበት ነጣ ብሎ ቀለል ይላል። ላዩ ላይ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ካሮት ወይም ቀይ ሥር ብታደርጉበት ራት ነው፣ መክሰስ አይደለም። እንቁላልና ወተት ለማይነካ ሰውም ይሆናል።

እንጉዳይ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሰው ቀቅሎ ይገድለዋል። ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። መጥበሻው ላይ ከታጨቀ በራሱ ውሃ ይበስላል እንጂ አይጠበስም። ሰፊ መጥበሻ፣ ጠንከር ያለ እሳት፤ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አታማስሉት። ሲቀላ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቅቤ። ከሥሩ ለስላሳ አይብ ከተቀባ ሥጋ ትዝ አይላችሁም።

አቮካዶን ሁሉም ያደንቃል። እውነቱን ልናገርና፣ ብቻውን ለዛ የለውም። ሎሚ፣ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ ሲገባበት ነው ነፍስ የሚዘራው። ሎሚው መጥቆሩንም ያዘገየዋል፣ ጨርሶ ባያስቀረውም። የተቀቀለ እንቁላል ካከላችሁበት ቁርስነቱን አልቃወምም።

ለችኮላ የለውዝ ቅቤና ሙዝ። ጨው በጣት ቆንጠር አድርጉበት፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

የተረፈውን ዳቦ ፍሪጅ አታስገቡት። ዳቦ የሚደርቀው ውሃ አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ስታርች (የዱቄቱ ዋና ክፍል) እየተደራጀ ስለሚጠነክርም ነው፣ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው ያደረ ዳቦ ሲሞቅ ለጊዜው የሚለሰልሰው። ለነገና ለከነገ ወዲያ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልሉት። ለሳምንት ከሆነ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዚያ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ መጥበሻ።