የባቡሩ ወርክሾፕ ይቁም ወይስ ቦታው ይልማ?

የከዚራው ልጅ
ሰላም ድሬዎች። ትናንት በርጫ ላይ ልንጣላ ነበር። ጥያቄው ይኸው፦ የድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ምን ይሁን? አንዱ «ሙዚየም ይደረግ» ይላል። ሌላው «መሀል ከተማ ያን የሚያህል ቦታ ዝገት ከሚበላው ለወጣቱ ይሰጥ» ይላል። እኔ «አይነካ» ባይ ነኝ፣ ከአሁኑ ልናገር። በ1895 ባቡሩ እዚህ ባይደርስ ድሬዳዋ የሚባል ከተማ የለም። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ሌላው ከተማ ቤተ መንግሥቱን ያሳያል፤ እኛ የምናሳየው ለገሃርን (ባቡር ጣቢያውን) እና ወርክሾፑን ነው።

ነምበር ዋን
አቦ ተው! እኔ በያጅ ነኝ። የምሠራው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ሥር ነው። በግንቦት ብረቱ በእጅ አይያዝም። ያ ሁሉ ጣሪያ የርግብ ማደሪያ ሆኖ ሳይ ያንገበግበኛል። ደግሞ እውነቱን እናውራ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ 1.435 ሜትር። እዚያ ከቆሙት ባቡሮች አንዱም አዲሱ መስመር ላይ አይወጣም። ምን እየጠበቅን ነው?

ከጀጎል ማዶ
ሐረሬ ነኝ፣ ላስቸግራችሁ። በመጀመሪያው ዕቅድ ባቡሩ የሚመጣው እኛ ጋ ነበር። ተራራውን መውጣት አቅቶት ከሥር ቀረ። 😄 ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጀጎል በ1998 ዩኔስኮ ሲመዘገብ ሰው ከነኑሮው ውስጡ ነበር። ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ መኪናውን ያንኳኳል። ባዶ ቤት ቀለም ቀብቶ ቅርስ ማለት ለኔ አይገባኝም።

የከዚራው ልጅ
በ2016 የአዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ ያየ ሰው «ይልማ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል። ለዚህ ነው እኔም የምጮኸው።

ቶርኖ ቤት
አባቴ እዚያ ጡረታ እስኪወጣ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ሠርቷል። ልጅ ሆኜ ምሳ አደርስለት ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ከላይ በሚገባው ብርሃን የብረት ብናኝ ሲንሳፈፍ ይታያል። ማሽኖቹ ላይ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። አንዱ ማሽን መያዣው በእጅ ብዛት አልቆ እንደ መስታወት ያበራል። አባቴ «ይሄን ያለሰለስነው ሦስት ሰዎች ነን» ይላል፤ ሁለቱ የሉም።

ሰው የማያውቀው፣ ያ ቤት ጥገና ብቻ አልነበረም። ዕቃ ሲሰበር ከፈረንሳይ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? ቅርጹን በእንጨት ያወጣሉ፣ ያቀልጣሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ይገጥማሉ። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ሳይቆም የሄደው በዚህ ነው።

ሙዚየም ሊደረግ ነው ብለው ሲያወሩ አባቴ ምን አለ መሰላችሁ? «ዘይት የሚቀባው ማነው?» አለ። እውነቱን ነው። ቶርኖ ካልዞረ ይያዛል። ከተያዘ በኋላ ቁራሌው እንጂ ቱሪስት አይፈልገውም።

የኮተኒ ልጅ
ሁልጊዜ ባቡር፣ ባቡር! ኮተኒስ? ጣሊያን የተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዚህ ከተማ እናት አይደለም? እናቴ ክር ክፍል ነበረች። በ1967 ሲወረስ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ እሷ እዚያው ማሽን ፊት ነበረች። የጥጡ ብናኝ ጸጉሯ ላይ ተቀምጦ ስትገባ ያለ ዕድሜዋ የሸበተች ትመስል ነበር። ስለ ወርክሾፑ ስንጮህ የሴቶቹን ፋብሪካ ማንም አያነሳም። ስሚንቶውስ? እሱም የጣሊያን ዘመን ነው።

የከዚራው ልጅ
ልክ ነሽ፣ ጥፋተኛ ነኝ። የቅርሱ አዋጅ፣ 209/1992 ማለቴ ነው፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስንም ይጨምራል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ማደስ እንኳ አይቻልም። መጀመሪያ ግን መመዝገብ አለበት። ኮተኒንም አብረን እንጻፍ።

ነምበር ዋን
እሺ፣ «ምን እየጠበቅን ነው?» ያልኩትን ትቻለሁ። ግን ገመድ አጥራችሁ «አትንኩ» የሚል ካርቶን ብትሰቅሉ መልሼ እናገራለሁ። ቶርኖዎቹ ይዙሩ። ግማሹ ቤት ለተግባረ እድ ተማሪና ለእንደኔ ዓይነቱ ይከፈት፤ ኪራይ እንከፍላለን። ፈረንጁም መጥቶ የሚሠራ ሰው ፎቶ ያንሳ።

የከዚራው ልጅ
የ60 ዓመት ማሽን ለተማሪ ሰጥተህ ጣት ቢቆረጥስ? ደግሞ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ሙሉውን። እኔ አላምንም።

ቶርኖ ቤት
ጣት የሚቆረጠው የሚያሳይ ሰው ሲጠፋ ነው። የሚያሳዩት ደግሞ እያለቁ ነው።

ነምበር ዋን
አባትህ ቅዳሜ ቤት አሉ?

ቶርኖ ቤት
አለ። ከምሳ በፊት ና፣ ከዚያ በኋላ አያናግርም። መነጽርህን ይዘህ ና፣ ያለ መነጽር ብረት የሚነካ ሰው ያባርራል።