የገጠር ሴቶች ብድር ፕሮፖዛል፦ የአከፋፈሉን ክፍል አብረን እንጻፈው

ፀሐፊዋ፦
ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። ፕሮፖዛሉ እስከ ወሩ መጨረሻ አልቆ መግባት አለበት፣ መግቢያውና ባጀቱ ደርሷል፣ የብድሩ አሰራር የሚለው ክፍል ግን ገና ነው እና እሱን ብቻዬን መጻፍ አልፈለኩም። እስካሁን የተስማማንበት ጅማ ዞን ውስጥ ማና፣ ጎማ እና ቀርሳ ወረዳዎች ላይ በአንድ በአንድ ቀበሌ እንጀምር፣ በየቀበሌው ሁለት ቡድን፣ በቡድን 20 ሴት፣ ባጠቃላይ 120 ሴቶች ማለት ነው። ለጊዜው ድራፍቱ ላይ ያስገባሁት "ለእያንዳንዷ 10 ሺ ብር፣ በ12 ወር፣ በየወሩ የሚከፈል" የሚል ነው። ልክ አይደለም የምትሉትን እዚሁ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ሚቲንግ ላይ ከዜሮ እንዳንጀምር።

የአጋሮ ልጅ፦
እኔ "በየወሩ" የሚለው ላይ ነው ችግሬ። ጎማ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ብር ቤት የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ከዛ እየሳሳ ይሄድና ሰኔ ላይ ጎተራውም ኪሱም ባዶ ይሆናል፣ ነጋዴው ደግሞ የሚመጣው ልክ ያኔ ነው። እናቴ ሐምሌ ላይ ቡናው ገና ዛፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ እያለ ለበቆሎ መግዣ ብር ትቀበለዋለች፣ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ታህሳስ ላይ ያደረቀችውን ጀንፈል ስትሰፍርለት አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፣ በጣሳ ነበር የሚሰፈረው፣ ጣሳው ሞልቶ እያለ ነቅነቅ ያደርገውና ትንሽ ዝቅ ሲል በጣቱ እያሳያት "ሙዪው" ይላታል፣ ትሞላዋለች፣ እንደገና ነቅነቅ። ያኔ ልጅ ነበርኩ ግን አሁንም ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ። በዛ ዓመት ገበያ ላይ ቡና ጥሩ ዋጋ ነበረው እኛ ቤት ግን የሚሸጥ አልቀረም። እና የኛ ብድር ሐምሌ ላይ ደርሶ ያንን ነጋዴ ካላስቀረ ምን ሊረባ ነው? ሐምሌ ተሰጥቶ ጥር ላይ ይመለስ ነው የምለው። በየወሩ ክፈሉ ካልናቸውማ ነሐሴ ላይ ለኛ ለመክፈል ከሱ ነው የሚበደሩት።

ፀሐፊዋ፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ሁሉም ቡና የላቸውም እኮ፣ አትክልት የሚቸረችሩትስ?

የቀርሳ እህት፦
እኛ ጋ ብዙዎቹ አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል ይዘው ሐሙስ ሐሙስ ጅማ ገበያ የሚወጡ ናቸው፣ ለነሱ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ መጨረስ ይሻላል፣ ብሩ በየሳምንቱ ስለሚዞር ስድስት ወር ከጠበቁት ይበተናል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አከፋፈል ይኑር፣ የቡና እና የገበያ። ቡና ያላት ቤት ውስጥም ቢሆን ቡናው የባል ነው የሚባልበት ብዙ ነው፣ እሷ እጅ የሚገባው ቃርሚያው ነው። ስለዚህ ብድሩ በሷ ስም፣ በሷ እጅ፣ ባልየውም መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ተጠርቶ ሰምቶ ይሂድ። ካልሰማ በኋላ ነው ጭቅጭቁ።

አዴ (የቁጠባ ቡድን ሰብሳቢ)፦
ልጆቼ በርቱ። እኔ አንድ ነገር ልበል፣ ብድር ከማለታችሁ በፊት ቁጠባ በሉ። እኛ ቡድን 22 ሴቶች ነን፣ የብረት ሳጥን አለን፣ ሦስት ቁልፍ ነው ያለው፣ ሦስቱን ሦስት ሴቶች ይይዛሉ ሳጥኑ ደግሞ አራተኛዋ ቤት ያድራል። ሁላችንም ካልተሰበሰብን አይከፈትም። ስንቆጥረው ጮክ ብለን ነው፣ ማንበብ የማትችለዋም በቃሏ ይዛው ነው የምትሄደው፣ ሳምንት መጥታ ስንት እንደነበረ ከደብተሩ እኩል ትነግርሻለች። ብድር ካስቀመጠችው ሦስት እጥፍ አይበልጥም። አንዷ መጀመሪያ የወሰደችው ለሁለት ዶሮ ነበር፣ ዘንድሮ ጊደር ገዝታለች። በመጀመሪያው ቀን 10 ሺ ብትሰጧት ኖሮ እንቅልፍም አይወስዳት።

መምህሩ፦
አዴ ያሉት ውጭም የታወቀ ነው። የሳጥን ቁጠባ በዚህ መልክ የተጀመረው በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ገጠር ውስጥ ኬር ከሚባለው ድርጅት ጋር ነው፣ ከዛ ነው አፍሪካን ያዳረሰው፣ ጥሩነቱ የውጭ ብር ሳይገባበት ከራሳቸው ቁጠባ ስለሚነሳ ነው።
የአጋሮ ልጅ ያነሳው ነጋዴ ደግሞ ባንግላዴሽን አስታወሰኝ። የኢኮኖሚክስ መምህር የነበረው መሐመድ ዩኑስ በ1976 እ.ኤ.አ. ጆብራ የምትባል መንደር ውስጥ ያገኛቸው ሴቶች የቀርከሃ በርጩማ ይሰሩ ነበር፣ የቀርከሃ መግዣውን የሚያበድራቸው ነጋዴ በርጩማውንም ራሱ በቆረጠው ዋጋ ነበር የሚወስደው። የ42 ሰው ዕዳ ቢደመር 27 ዶላር ብቻ ሆነ፣ እሱን ከኪሱ ሰጠ፣ ለድሆች የሚያበድረው ግራሚን ባንክ ከዛ ተነሳ። በርጩማና ቡና ይለያያል እንጂ ቋጠሮው አንድ ነው።
ግን ፕሮፖዛሉ ላይ "ከድህነት ያወጣቸዋል" የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንቀንሰው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከስድስት አገር የተሰበሰበ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ አንዱ አገር ኢትዮጵያ ነው፣ የኦሮሚያና የአማራ ገጠር ተጠንቶ። ብድር ብቻውን የአብዛኛውን ቤት ገቢ እንደማይቀይር ነው ያሳየው። ለሰው መተንፈሻ ይሰጣል፣ ነግዳ ማደግ የምትችለዋን ያግዛል፣ ምንም የሌላትን ግን ዕዳ ብቻ ሊያሸክማት ይችላል። እንዲህ ላለችዋ መጀመሪያ ጥቂት ዶሮ ወይም በግ በነፃ፣ ቁጠባ ከዛ፣ ብድር መጨረሻ።

ፀሐፊዋ፦
መምህር እውነት ነው፣ ግን ለጋሾቹ ያንን ዓረፍተ ነገር ይወዱታል ብዬ ነበር ያስገባሁት። አወጣዋለሁ። ያልሆነ ቃል ገብተን የሴቶቹን ዓይን በኋላ ማየት አልችልም።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ወለዱ። ለምሳሌ 10 ሺ ብር በ18 ፐርሰንት እንበል። ዓመቱን ሙሉ ከመጀመሪያው 10 ሺ ላይ ከታሰበ 1,800 ብር ነው። ዋናው በየወሩ እኩል እየተከፈለ ከቀሪው ላይ ብቻ ከታሰበ ግን 975 ብር። በወረቀት ሁለቱም 18 ፐርሰንት ነው የሚባሉት፣ ሴትየዋ ግን እጥፍ ልትከፍል ትንሽ ነው የሚቀራት። ሐምሌ ወስዳ ጥር ላይ አንዴ ብትዘጋው የስድስት ወር 900 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከማንም ጋር ብንዋዋል ፐርሰንት ሳይሆን በብር ስንት እንደምትመልስ ይጻፍ፣ በምትሰማው ቋንቋም ይነበብላት፣ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት።

የማና ወንድም፦
አሰላሙ አለይኩም። እኛ ቀበሌ ወለድ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ላይ የሚፈርሙ ብዙ አይደሉም፣ ስሙን የአገልግሎት ክፍያ ብንለውም ያውቁታል። ከወለድ ነፃ አሰራር አለ፣ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል ሌሎች ባንኮችም ለዚሁ የተለየ መስኮት ከፍተዋል። ሙራበሃ ብንወስድ የምትፈልገውን ዕቃ፣ የማር ቀፎ በሉት የቡና ማድረቂያ ሽቦ፣ እኛ ገዝተን ትርፉ ታውቆ በጊዜ ክፍያ እንሸጥላታለን። ጥሬ ብር ሐምሌ ላይ ለበቆሎ የሚያስፈልጋት ግን በዚህ አይሸፈንም፣ ለሷ ያለ ምንም ጭማሪ ከሳጥኑ መረዳጃ ይሰጣት። መረዳጃዋን ከብድሩ ለይተን ባጀት እንያዝላት።

የሰቃ እህት፦
ስለ ቡድን ዋስትና የተነሳ ነገር የለም። እኔ አክስቴ አምስት ሆነው አንዷ ላንዷ ዋስ ሆና ተበድረው ነበር፣ አንዷ ታመመችና መክፈል አቃታት፣ ሐሙስ ጠዋት ገበያ ልትወጣ ስትል የአበዳሪው ሰራተኛ በር ላይ ጠበቃት፣ አራቱ አዋጥተው ከፈሉ፣ አክስቴ ፍየሏን ሸጠች። ብሩ ተመለሰ፣ አራቱና የታመመችዋ ግን እስከዛሬ ቡና አይጠራሩም። እኔ በበኩሌ ይሄ ነገር በኛ ስም እንዲደገም አልፈልግም። በሽታና ሞት ሲመጣ ዕዳው ለሌሎቹ እንዳይሄድ አንቀጽ ይኑር።

ፀሐፊዋ፦
ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት። ክፍሉን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

"የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቁጠባ ብቻ ነው። ከዚያ ብድሩ አባሏ ካስቀመጠችው ሦስት እጥፍ ሳይበልጥ ይሰጣል። የቡና ብድር ሐምሌ ተሰጥቶ ጥር ላይ ይመለሳል፣ የገበያ ብድር በየሁለት ሳምንቱ ይከፈላል። ወለድ ለማይፈልጉ ቡድኖች ዕቃው በታወቀ ትርፍ በጊዜ ክፍያ ይቀርባል። በየሳጥኑ ከብድር የተለየ መረዳጃ ይኖራል፣ የታመመች ወይም የሞተች አባል ዕዳ ከዚሁ ይሸፈናል እንጂ ወደ ሌሎች አባላት አይዞርም።"

አዴ ስድስት ወር ይበዛል ወይስ ያንሳል? ጥር ላይ ቡና ተሽጦ ብር እጃቸው ላይ እያለ ቁጠባ ከጀመሩ ሐምሌ ላይ ልክ ስድስት ወር ይሞላል ብዬ ነው።

አዴ (የቁጠባ ቡድን ሰብሳቢ)፦
ጥር ጥሩ ነው ልጄ። ጥር ላይ ያልያዝሽው ብር ሰርግ ይበላዋል።

ፀሐፊዋ፦
እሺ ጥር ይሁን። ገንዘብ ያዥ፣ መረዳጃው ከባጀቱ ላይ ስንት እንደሚቀነስ አስልተህ ቅዳሜ ይዘህ ና። የአጋሮ ልጅ፣ መርካቶ ብረት ሠሪዎቹ ጋ ጎራ በልና ባለ ሦስት ቁልፍ ሳጥን ስድስት ብናሰራ ስንት እንደሚሉ ጠይቅልን፣ የጋራ ሚዛንም አብረህ ጠይቅ፣ በጣሳ መስፈሩ ይቅር።