ልጄ እየመራች ጨዋታው ተቋረጠ፤ የዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቴኒስ ውድድርን የምታውቁ አስረዱኝ

የስድስተኛው ሜዳ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለሴቶች ቴኒስ ቡድን ተመርጣለች። ቡድኑ የውድድር ዘመኑን የጀመረው በከተራ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት ነበር። ፈረቃዬን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቼ ሄድኩ። ያየሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከቴኒስ ጋር አዲስ ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሜዳ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን አጥር ሥር አስቀምጬ መረቡ ጫፍ እንበረከካለሁ፤ ኳስ መረብ ነክታ ስትወድቅ ሮጬ አንስቼ እመለሳለሁ። ማታ ተጫዋቾቹ ሲሄዱ ደግሞ እኛ ልጆቹ ሰው በጣለው ራኬት እስኪጨልም እንጫወታለን። እዚያ ከሁሉ በፊት የተማርኩት ዝምታን ነው። ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ድምፅ ያሰማ ልጅ በማግስቱ ሥራ አያገኝም ነበር።

ልጄንም ያሳደግኳት በዚሁ ሥርዓት ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በሕዝብ መናፈሻ ሜዳ፣ በመኪና ማቆሚያ ግድግዳ ላይ፣ በክረምት ደግሞ ዋጋው በሚቀንስበት በማለዳው ሰዓት በቤት ውስጥ ሜዳ አሠለጠንኳት። የራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን አሮጌውን ገዝቼ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ተክዬ ነበር፤ እናቷ ስንት ዓመት ሙሉ እራት ያቀረበችልን ሶፋ ላይ ነው። ልጄ ነጥብ ስታገኝም ስትስትም ፊቷ አይለወጥም። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የቀረጽኳት።

ቅዳሜ የደረስኩት ትንሽ ዘግይቼ ነው። እሷ በጥንድ ስለማትሰለፍ የጥንዱ ጨዋታ ማሟሟቂያ መስሎኝ አልቸኮልኩም። አዳራሹ ውስጥ ስድስት ሜዳዎች በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ጩኸቱ እንደ እግር ኳስ ነው! ተጫዋቾቹ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ስም እየጠሩ ይበረታታሉ፤ አሠልጣኙ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ይመክራል። ልጄ በስድስተኛው ሜዳ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 4 አሸንፋ በሁለተኛው 3 ለ 2 እየመራች ነበር። በድንገት ሦስተኛው ሜዳ ላይ ጩኸት ተነሣ፤ ሁሉም ራኬቱን ጥሎ ሮጠ። ልጄም ሮጠች። ጨዋታዋ እዚያው ቀረ። ሰሌዳው ላይ በስሟ ትይዩ የተጻፈው «ያልተጠናቀቀ» የሚል ብቻ ነው።

እሷ ትስቃለች፤ እኔ ግን ሆዴ ባባ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያ ሁሉ የተጫወተችው አይቆጠርላትም ማለት ነው? ለምን ስድስተኛ ሜዳ ላይ አስቀመጧት? አሠልጣኙን ባነጋግረው ነውር ይሆናል? ጩኸቱስ የተፈቀደ ነው?

የቀድሞ ተጫዋች፣ ቨርጂኒያ፦

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔም አራት ዓመት የተጫወትኩት በዲቪዚዮን አንድ፣ በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከፍተኛው እርከን ነው፤ አባቴም በመጀመሪያው ቀን ልክ እንደ እርስዎ ግራ ተጋብቶ ነበር።

ውድድሩ ሰባት ነጥብ አለው፤ ቀድሞ አራት ያገኘ ቡድን ያሸንፋል። የሚጀመረው በሦስት የጥንድ ጨዋታዎች ነው፤ እያንዳንዳቸው እስከ ስድስት ጌም የሚደርስ አንድ ዙር ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንዷን የጥንድ ነጥብ ይወስዳል። ከዚያ ስድስቱ የነጠላ ጨዋታዎች ይከተላሉ፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈች ተጫዋች ለቡድኗ አንድ ነጥብ ታስገኛለች። እርስዎ ማሟሟቂያ ያሉት የጥንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚወስን ነው። ያንን ነጥብ የተነጠቀ ቡድን ከስድስቱ ነጠላ አራቱን ማሸነፍ ይኖርበታል፤ ያገኘው ግን ሦስት ይበቃዋል።

በእርስዎ ልጅ ጨዋታ የሆነው፣ ሦስተኛው ሜዳ ላይ አራተኛው ነጥብ ሲገኝ ውድድሩ አበቃ፤ ሌሎቹም ባሉበት ቆሙ። በግል የማሸነፍና የመሸነፍ መዝገቧ ላይ አይገባም፣ እውነት ነው። ግን አልተቆጠረም አይበሉ። ስድስቱም ሜዳዎች የውጤት ሰሌዳ አላቸው፤ ሁላችንም በጌሞች መካከል ቀና ብለን እናያለን። እኔ አንደኛውን ዙር ተሸንፌ ሳለ ስድስተኛው ሜዳ ላይ ታናሻችን እየመራች መሆኗን ሳይ ትከሻዬ ይቀለኝ ነበር፤ ተጋጣሚዬም ያንኑ ሰሌዳ ታየዋለች፤ እሷ ላይ ነው የሚከብደው። ሦስተኛው ሜዳ ላይ ያሸነፈችዋ ልጅ የእርስዎን ልጅ 6 ለ 4 ሳታይ አልቀረችም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እርስዎ የለመዱት አድቫንቴጅ፣ ማለትም 40 እኩል ሲሆን ጌሙን ለመውሰድ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ማግኘት፣ እዚህ የለም። ውጤቱ 40 እኩል ከሆነ አንድ ነጥብ ብቻ ይጫወታሉ፤ ሰርቭ የምትቀበለዋ ከቀኝ ወይስ ከግራ እንደምትቀበል ራሷ ትመርጣለች። ልጅዎ አሁን ከሁሉ በላይ የሚቸግራት ይህ ይመስለኛል። ትዕግሥተኛ ተጫዋች ረጅም ጌም ትወዳለች፤ እዚህ ግን ረጅም ጌም የሚባል የለም።

የሦስት ልጆች እናት፣ አትላንታ፦

ወንድሜ፣ ስለ አሠልጣኙ ልመልስልዎት፤ ስለ ሰልፉ አያነጋግሩት። ደንቡ ተጫዋቾች በጥንካሬያቸው ቅደም ተከተል ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ሜዳ እንዲሰለፉ ያዛል፤ አሠልጣኝ ደካማዋን አንደኛ ላይ አስቀምጦ ሌሎቹን ማትረፍ አይችልም። በመጀመሪያ ዓመቷ ከስድስቱ ውስጥ መግባቷ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በነጠላ አንድ ጊዜም አልተሰለፈችም፤ ዳር ቆማ ውኃ ስታቀብል ከርማለች። ያን ጊዜ አሠልጣኟን ደውዬ ተናግሬው ነበር። ልጄ ስትሰማ ሁለት ሳምንት አላነጋገረችኝም።

አሠልጣኙን ማነጋገር የሚገባው ስለ ጾም ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ የኮንፈረንስ (በአንድ ምድብ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች) ውድድሮች የሚካሄዱት በሚያዝያ ወር ነው፤ ጾሙ በሙሉ በውድድሩ ዘመን መካከል ይወድቃል ማለት ነው። ልጅዎ የምትጾም ከሆነ ራሷ አሁኑኑ ትንገራቸው። ቡድኑ በጉዞ ላይ አብሮ ይመገባል፤ ያልተነገረው ሰው ዶሮና አይብ አዝዞ ይጠብቃል። የቡድኑ የአመጋገብ ባለሙያ ለልጄ ሩዝ በምስር፣ ሙዝ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ እንድትይዝ ነግራት ነበር። እኔ ደግሞ የሽሮ ዱቄትና በሶ እልክላት ነበር። ጨዋታ ባለበት ቀን ቅዳሴ እስኪያልቅ ስለመቆየት የንስሐ አባቷን ታማክር፤ እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው።

አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ፦

ታሪክዎን ሳነብ ልቤ ተነካ። እኔም የጀመርኩት ኳስ በማቀበል ነው፤ አሁን ሕፃናት አሠለጥናለሁ። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንጫወት ኳሷ ከራኬት ስትወጣ ትበርራለች፤ ልጆቼ መጀመሪያ የሚማሩት እሷን በማሽከርከር ሜዳ ውስጥ ማስቀረትን ነው።

ስለ ጠየቁት ጩኸት ደግሞ የራሴን ሐሳብ ልስጥ። ያስተማሯትን ዝምታ እንዳይንቁባት። የተጋጣሚን ስህተት በጭብጨባ መቀበል በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በየትም ቢሆን ነውር ሆኖ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ለሴት ሠልጣኞቼ ሁልጊዜ የምነግራቸውን ለልጅዎም ይንገሩልኝ። ዳኒዬል ኮሊንስ በ2014 እና በ2016 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የነጠላ ሻምፒዮናነት ያገኘችው ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጫውታ ነው፤ በ2022 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች። ኤማ ናቫሮም ከዚያው ትምህርት ቤት በ2021 አሸንፋ በ2024 በዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ተጫወተች። ዩኒቨርሲቲ መግባት ከቴኒስ መውጣት ነው የሚሉኝ ወላጆች አሉ፤ እነዚህን ሁለቱን እጠራላቸዋለሁ።

የቀድሞ ተጫዋች፣ ቨርጂኒያ፦

ጋሽዬ አሠልጣኝ፣ ልክ ነዎት፤ ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች እዚህም ዝም ይባላል። የምንጮኸው ነጥቡ ካለቀ በኋላ ነው፤ የምንጠራውም የጓደኛችንን ስም ነው። የተጋጣሚን ስህተት የሚያጨበጭብ አለ፤ እኛ ቡድን ውስጥ ግን ካፒቴናችን እንዲህ ያደረገችውን በሩጫ ነበር የምትቀጣት።

የስድስተኛው ሜዳ አባት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሁለተኛውን ጨዋታ አይቼ መጣሁ፤ ልንገራችሁ።

በዚህ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ልጄ በጥንድ አልተሰለፈችም፤ ሁለተኛው ሜዳ አጠገብ ቆማ ነበር። አንደኛውን ጥንድ እኛ፣ ሦስተኛውን እነሱ አሸነፉ፤ ሁለተኛው 6 እኩል ሆኖ ወደ ታይብሬክ (ዙሩን ወደሚለየው የመጨረሻ ጌም) ሄደ። ነጥብ ባለቀ ቁጥር አንዲት ልጅ ከሁሉ በላይ ትጮኻለች። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ግን ከማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። የጥንዱን ነጥብ ስናገኝ ባለቤቴ ተነሥታ እልል አለች፤ ከፊታችን የተቀመጡት ወላጆች ዞረው አጨበጨቡላት።

በነጠላ ልጄ ተሸነፈች፤ 6 ለ 3፣ 7 ለ 5። 40 እኩል በሆነባቸው ጌሞች ነው የተበለጠችው፤ እህቴ እንዳልሽው ነው። አምስቱን ቆጥሬ አራቱ ሄደውባታል። ቡድኑ ግን 4 ለ 2 አሸነፈ። ራኬቷን ሳትከት ወደ አራተኛው ሜዳ ሄዳ አጥሩን ይዛ ቆመች። ባለቤቴ «ልጅሽ ተሸንፋ ምን ትሠራለች?» እንዳትባል ፈርታ ነበር፤ ማንም እንዲህ አላለም።

ማታ ስንሰነባበት ድምፅዋ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በእጅ ምልክት ነው ያወራችን። ስለ ጾሙ ለአሠልጣኙ እንደነገረችው በስልኳ ጽፋ አሳየችን። ለሚመጣው ቅዳሜ እናቷ በፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ ልትይዝ ነው፤ የቡድኑ ልጆች ስምንት ስለሆኑ ትልቁን ፔርሙስ አውጥታለች።